ቢጫው የዩኒየን ፓሲፊክ ሎኮሞቲቭ ሲልቨር ስፕሪንግ ምን ያደርጋል?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሳየው ደስ አለኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ሜትሮ ስትጠብቅ ረጅም የጭነት ባቡር በአጠገብህ አለፈ። ሐዲዱ ሲኤስኤክስ የሚባለው የባቡር ኩባንያ ነው። ከሚጎትቱት ሎኮሞቲቮች ግን አንዱ የሲኤስኤክስ ሰማያዊ፣ ሌላው ዩኒየን ፓሲፊክ የሚል ቢጫ ሆነብህ። «ድርጅቱ ተሸጠ እንዴ? ወይስ ተከራይተውት ነው?» ብለህ ጠየቅክ። ከመለሱልህ ውስጥ ግማሹ ተሸጧል አለ፣ ግማሹ ኪራይ ነው አለ። ሁለቱም አይደለም።

የባቡር ሠራተኛ ሆኜ አላውቅም። ቺካጎ ዙሪያ ለዓመታት ኮንቴይነር በትራክ አመላልሻለሁ። ኮንቴይነር የሚጭን ሰው ደግሞ ዕድሜው የሚያልቀው ባቡር ሲጠብቅ ነው። ሌላው ሹፌር ስልኩን ሲጎረጉር እኔ ሐዲድ ዳር ቆሜ የሎኮሞቲቭ ቁጥር ማንበብ ጀመርኩ። በዚያው ሱስ ሆኖ ቀረ።

እኛ የምናውቀው ምድር ባቡር፣ ከአዲስ አበባ ጅቡቲ፣ ሁለት አገር ቢያቋርጥም ሐዲዱም ሎኮሞቲቩም የአንድ ቤት ነው። እዚህ ግን ሐዲዱ የኩባንያው የግል ንብረት ነው። በግርድፉ ከሚሲሲፒ ወንዝ ምዕራብ ያለውን ዩኒየን ፓሲፊክና ቢኤንኤስኤፍ ይዘውታል። ምሥራቁን ሲኤስኤክስና ኖርፎክ ሳውዘርን ተካፍለውታል። ከሰሜን ደግሞ ሁለቱ የካናዳ ኩባንያዎች፣ ካናዲያን ናሽናልና ሲፒኬሲ፣ ይገባሉ። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ የተጫነ ኮንቴይነር ባልቲሞር ለመድረስ የሆነ ቦታ ላይ ከአንዱ ኩባንያ ወደ ሌላው መተላለፍ አለበት። ዋናው መተላለፊያ ቺካጎ ነው። ሴንት ሉዊስ፣ ሜምፊስና ኒው ኦርሊንስም አሉ።

ድሮ መተላለፊያው ላይ ሲደረስ አንዱ ሎኮሞቲቩን ፈትቶ ይመለሳል፣ ሌላው የራሱን አምጥቶ ይቀጥላል። መፍታት፣ መቀጠል፣ አየር መሙላት፣ ፍሬን መፈተሽ፣ ከዚያ ደግሞ ወረፋ። ቺካጎን የሚያውቅ ሰው ያ ወረፋ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። መፍትሔው ታዲያ ሎኮሞቲቩ ከነፉርጎው ይቀጥል፣ ሰው ብቻ ይቀየር የሚል ሆነ። ሰው የሚቀየረው ነጂ በደንብ የማያውቀውን መስመር እንዲነዳ ስለማይፈቀድለት ነው። ሕጉም በአንድ ፈረቃ ከ12 ሰዓት በላይ አያሠራውም። አንተ ያየኸውን ባቡር የሲኤስኤክስ ሰዎች ነበሩ የሚነዱት።

ሒሳቡስ? ለእኔ የሚጥመኝ ይሄ ነው። ነገሩ ወንፈል ነው። ዛሬ በሬዬን ይዤ ያንተን ማሳ አርሳለሁ፣ ነገ ያንተ በሬ የእኔን ያርሳል። የሚቆጠረው ግን ቀን ሳይሆን የፈረስ ጉልበት ሲባዛ በሰዓት ነው። ሦስት የዩኒየን ፓሲፊክ ሎኮሞቲቮች፣ እያንዳንዳቸው 4,400 የፈረስ ጉልበት ያላቸው፣ ሲኤስኤክስ ሐዲድ ላይ 10 ሰዓት ሠሩ እንበል። 132,000 ተመዘገበ። ሲኤስኤክስ ይህን በጥሬ ገንዘብ ከመክፈል ይልቅ የራሱን ሎኮሞቲቭ ወደ ምዕራብ ይልካል። የላከው 3,000 የፈረስ ጉልበት ያለው አሮጌ ኤስዲ40-2 ከሆነ፣ ያ ምስኪን ዕዳውን ለመጨረስ 44 ሰዓት መጎተት አለበት። የሲኤስኤክስ ሰማያዊ ሎኮሞቲቭ ነብራስካ በቆሎ መሀል፣ ሲኤስኤክስ ጋር መቼም የማይደርስ ባቡር ሲጎትት ብታይ አይግረምህ። ዕዳ እየከፈለ ነው።

በባቡር ወዳጆች ዘንድ የማትሞት ሐሜት አለች። ዕዳ ሲከፈል ደህና ደህናው ቤት ይቀራል፣ ጭሳሙ ይላካል ይላሉ። ሐሜት ናት እንግዲህ። ቢሆንም ወንፈል ላይ ሰነፍ በሬ የሚልክ ጎረቤት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ሎኮሞቲቩ እንደወጣ እንዳይቀር የሚያደርግ ሌላ ነገርም አለ። የፌዴራል ሕግ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ በየ92 ቀኑ እንዲፈተሽ ያዛል፤ በኮምፒውተር ለሚሠሩት አዳዲሶቹ 184 ቀን ነው። ቀኑ ሲቃረብ ብዙውን ጊዜ ፊቱን ወደ ባለቤቱ ያዞሩታል።

ይህን ሁሉ በዓይኔ የተማርኩት ሮሼል ነው፤ ከቺካጎ በስተምዕራብ ያለች ትንሽ የኢሊኖይ ከተማ። እዚያ የዩኒየን ፓሲፊክና የቢኤንኤስኤፍ ዋና መስመሮች መሬት ላይ መስቀለኛ ሠርተው ይተላለፋሉ። ከተማዋም አጠገቡ ባቡር ማያ መናፈሻ ሠርታለች። ጣሪያ ያለው ማረፊያ አለው። ከድምፅ ማጉያው የባቡር ሬዲዮው ይሰማል። ዩኒየን ፓሲፊክ እዚያው ከተማ ትልቅ የኮንቴይነር ጣቢያ ስለነበረው፣ ጭነቴ ሲዘገይ ትራኩን አቁሜ ወደ መናፈሻው ነበር የምሄደው።

አንድ የክረምት ማታ ከምሥራቅ የመጣ ባቡር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ መብራቱ ሩቅ ታየ፣ ከዚያ ሬዲዮው ተንጫጫ፣ ከዚያ መሬቱ። ከፊት ቢጫ ዩኒየን ፓሲፊክ። ሁለተኛው የሲኤስኤክስ ሰማያዊ፣ ጀርባውን ወደ ፊት ሰጥቶ። ሦስተኛው ጥቁር የኖርፎክ ሳውዘርን፣ ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በረዶ ግማሹን ሸፍኖታል። መንኮራኩሩ መስቀለኛውን ሲረግጥ ድምፁ ጆሮ ላይ አይቆምም፣ ደረት ውስጥ ይገባል። የሦስት ኩባንያ ንብረት በአንድ ሰው እጅ እየተነዳ አለፈ።

እንዴት ነው በአንድ ሰው እጅ የሚሆነው ትላለህ። ሁለት የተያያዙ ሎኮሞቲቮች መካከል ብታይ (ከአጥር ውጭ ሆነህ ነው የምልህ፣ ሐዲድ ላይ እንዳትገባ) ወፍራም ጥቁር ኬብል ተንጠልጥሎ ታያለህ። ጫፉ 27 ፒን ያለው ሶኬት ነው። በግራና በቀኙ የአየር ቱቦዎች አሉ። ኬብሉ በሁሉም ኩባንያ አንድ ዓይነት ነው። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ይሥራው ኢኤምዲ፣ ቢጫ ይቀባ ሰማያዊ፣ ለውጥ የለውም። የኃይል መስጫው ስምንት እርከን አለው። የፊተኛው ነጂ አምስት ላይ ሲያደርገው ከኋላ ያሉትም አምስት ላይ ይሆናሉ። ከባቡሩ ጭራ ላይ የሚገፋ ሎኮሞቲቭ ካለ ደግሞ ትእዛዙ በሬዲዮ ይደርሰዋል።

ሮሼል ላይ ለረጅም ጊዜ ያልገባኝ፣ በዩኒየን ፓሲፊክ መስመር እንግዶቹ ከፊት ሆነው አለመታየታቸው ነበር። ሁለተኛ ወይ ሦስተኛ ናቸው። አንድ ቀን መናፈሻው ውስጥ ቴርሞሱን ይዞ የሚቀመጥ ሽማግሌ አስረዳኝ። ያ መስመር የድሮው የቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን ነው። በሐዲዱ ውስጥ የሚመጣውን ምልክት ነጂው ክፍል ውስጥ የሚያሳይና ካልታዘዙት ባቡሩን የሚያቆም አሮጌ ሥርዓት ነበረው። መቀበያው ያልተገጠመለት ሎኮሞቲቭ መምራት አይችልም ነበር፣ መከተል ብቻ። ፔንስልቬንያ ውስጥ የኖርፎክ ሳውዘርን ዋና መስመርም ተመሳሳይ ጉዳይ ነበረው። ቢኤንኤስኤፍ ብርቱካናማው እዚያ ሲመጣ ከጥቁሩ ኋላ ይሰለፍ ነበር።

ይህን ያቃለለው አሳዛኝ አደጋ ነው። በ2008 ካሊፎርኒያ ቻትስዎርዝ ላይ የመንገደኛ ባቡር ከዩኒየን ፓሲፊክ የጭነት ባቡር ጋር ፊት ለፊት ተጋጭቶ 25 ሰው ሞተ። በዚያው ዓመት የወጣው ሕግ፣ ነጂው ቀይ ምልክት ቢያልፍ ባቡሩን በራሱ የሚያቆም ሥርዓት በዋና ዋና መስመሮች እንዲገጠም አስገደደ። ሥራው በ2020 መጨረሻ ተጠናቀቀ። ሕጉ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ለእኛ ለቁጥር አንባቢዎች ሠርግ ሆነችልን። የአንዱ ኩባንያ መሣሪያ በሌላው ሐዲድ ላይ መሥራት አለበት ትላለች። ስለዚህ ዛሬ እንግዳው ከፊት ሆኖ ሲመራ ማየት ብርቅ አይደለም።

ኪራይ ነው ያላችሁም ፈጽሞ ከመስመር አልወጣችሁም። የሚከራዩ ሎኮሞቲቮች አሉ። መለየት ቀላል ነው፦ ከቁጥሩ ጋር የሚጻፈው ምልክት በኤክስ ፊደል ካለቀ ባለቤቱ የባቡር ድርጅት አይደለም፣ አከራይ ወይም ሌላ ኩባንያ ነው። ሲኤስኤክስ ራሱ ስሙ በኤክስ ስለሚያልቅ፣ እንዳይምታታ ምልክቱ ላይ ቲ ጨምሮ ነው የሚጽፈው። አሁን ሄደህ ፎቶህን አጉላና እይ።

አንዳንዴ ቀለሙም ያሳስታል። በ1999 ኮንሬይል የሚባለው የምሥራቁ የባቡር ኩባንያ ለኖርፎክ ሳውዘርንና ለሲኤስኤክስ ሲከፈል፣ ሎኮሞቲቮቹ ለረጅም ጊዜ በኮንሬይል ሰማያዊ ሆነው ነበር የሚሠሩት። ለኖርፎክ ሳውዘርን የደረሱት ፒአርአር፣ ለሲኤስኤክስ የደረሱት ኤንዋይሲ የሚል ትንሽ ምልክት ይጻፍባቸው ነበር። ሁለቱም የሞቱ ኩባንያዎች ስም ነው፣ የፔንስልቬንያና የኒው ዮርክ ሴንትራል። ያኔ ሰማያዊ አይተህ ኮንሬይል ነው ብትል ተሸወድክ።

እንደኔ ሱስ ያለበት ሰው የሚያሳድደው ግን መታሰቢያ ቀለም የተቀቡትን ነው። ዩኒየን ፓሲፊክ የዋጣቸውን ስድስት ኩባንያዎች ቀለም ለስድስት ሎኮሞቲቮች ሰጥቷል፤ ቁጥራቸው በአብዛኛው የተዋጡበት ዓመት ነው። 1996 ሳውዘርን ፓሲፊክ፣ 1995 ቺካጎ ኤንድ ኖርዝ ዌስተርን። ኖርፎክ ሳውዘርን በ2012 ሃያ አወጣ። ሲኤስኤክስ ዘግይቶ በ2023 ጀመረና የመጀመሪያውን 1827 አለው፣ ባልቲሞር ኤንድ ኦሃዮ የተቋቋመበት ዓመት። እነዚህ ሙዚየም ውስጥ አልተቀመጡም፣ እንደማንኛውም ሎኮሞቲቭ ዕዳ እየከፈሉ በሰው ሐዲድ ይዞራሉ። የሳውዘርን ፓሲፊክ ቀለም፣ ሳውዘርን ፓሲፊክ ሐዲድ ኖሮት በማያውቅበት አገር ሊያልፍብህ ይችላል።

በ2025 ዩኒየን ፓሲፊክ ኖርፎክ ሳውዘርንን ለመጠቅለል መስማማቱን አስታውቋል። ያ ከተሳካ የኖርፎክ ሳውዘርን ሐዲድ ባለበት ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ ላይ የምታየው ቢጫ እንግዳ መሆኑ ይቀራል። ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን፣ ሐዲዱ የሲኤስኤክስ ስለሆነ፣ ያው እንግዳ ነው።

ሰፈራችን አካባቢ ደህና ማያ ከፈለግክ ፖይንት ኦፍ ሮክስ፣ ሜሪላንድ ሂድ። አንተ ሲልቨር ስፕሪንግ ያየኸው መስመር ከባልቲሞር ከሚመጣው የድሮው መስመር ጋር እዚያ ይገናኛል። በ1873 የተሠራው ጣቢያ መሀላቸው ቆሟል። ጠዋት ፀሐይ ከጀርባህ እንድትሆን ቁም። ቡና ይዘህ ሂድ፣ አንዳንዴ ለረጅም ሰዓት ምንም አይመጣም። የሁለተኛውን ሎኮሞቲቭ ቁጥር የሚያሳይ ፎቶ ካለህ ደግሞ እዚህ ለጥፈው፣ ዓይነቱን እነግርሃለሁ።