እንቁላል ስትልጡ እየተቦጫጨቀ ላስቸገራችሁ፣ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁም፣ ሥራዬ ምግብ ማብሰል ነው፣ ጠዋት ጠዋት ከ60 በላይ እንቁላል ቀቅዬ እልጣለሁ፣ ስለዚህ አላላጡ ላይ ያልሞከርኩት ነገር የለም ማለት ይቻላል። ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ እህቴ እኔ ስልጠው ነጩ ከቅርፊቱ ጋር እየተነሳ ግማሹ ይባክናል፣ ጥፋቴ ምንድነው?

መልስ፦ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ከተሽ ነው አይደል የምትጥጂው? ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው፣ ችግሩም እዛ ጋ ነው። ውሃው ቀስ እያለ ሲሞቅ ነጩም ቀስ እያለ ይረጋና ከቅርፊቱ ስር ካለችው ስስ ሽፋን ጋር ይጣበቃል። ከፈላ በኋላ ሲገባ ግን የነጩ ዳር ወዲያው ስለሚረጋ ሽፋኗን ያን ያህል አይይዛትም። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃውን አፍዪ፣ ከዛ እንቁላሉን በጭልፋ ቀስ አድርገሽ አስገቢ፣ እሳቱን ትንሽ ቀንሺው። ሌላውን ሁሉ ብትረሺ ይቺን አትርሺ።

ጥያቄ፦ የፈላ ውሃ ውስጥ ስከተው ይሰነጠቅብኛልኮ!

መልስ፦ አንዳንዴ ያጋጥማል፣ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከድስቱ ቂጥ ጋር ሲጋጭ ነው፣ ለዛ ነው በጭልፋ ያልኩት። ውሃው ላይ ትንሽ ጨው ወይም አቼቶ ጠብ ካደረግሽ ቢሰነጠቅም የሚወጣው ነጭ ቶሎ ረግቶ ስንጥቁን ይዘጋዋል። ለአላላጡ ግን ጨውም አቼቶም ልዩነት ሲያመጡልኝ አላየሁም። በእንፋሎትም ይሆናል፣ ሁለት ጣት ውሃ አፍልተሽ ወንፊት ላይ ደርድረሽ መክደን ነው፣ እኔ ብዙ ሲሆን እንደዛ ነው የማደርገው።

ጥያቄ፦ ዶሮዋ ዛሬ የጣለችው እንቁላል ነው ያለኝ፣ አዲስ ሲሆን ይሻላል አይደል?

መልስ፦ ለመጥበስ አዎ ወንድሜ፣ ለመላጥ ግን በጣም አስቸጋሪው እሱ ነው። ቅርፊቱ ላይ በዓይን የማይታዩ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀዳዳዎች አሉ፣ በነሱ በኩል ካርቦንዳይኦክሳይድ ቀስ በቀስ ይወጣል፣ ሲወጣ የነጩ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ7.6 አካባቢ ተነስቶ ወደ 9 ይጠጋል፣ ያኔ ከሽፋኗ ጋር ያለው ቁርኝት ይላላል። ከ7 እስከ 10 ቀን ፍሪጅ ውስጥ ይቆይልህና ቀቅለው። ዛሬውኑ ከፈለግከው ደግሞ ቢያንስ በፈላ ውሃ ጀምር።

ጥያቄ፦ ስንት ደቂቃ?

መልስ፦ የፈላው ውሃ ውስጥ ከገባ ጀምሮ፣ አስኳሉ ፈሳሽ እንዲሆን 6፣ ለስለስ እንዲል 8፣ ጠንከር እንዲል ከ11 እስከ 12። ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው፣ 2,400 ሜትር ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ፣ ስለዚህ እዛ አንድ ሁለት ደቂቃ ጨምሩ።

ጥያቄ፦ አስኳሉ ዙሪያ አረንጓዴ ሆኖብኝ ጣልኩት፣ ተበላሽቶ ነው?

መልስ፦ ኧረ አትጣዪው! መቀቀሉ ሲበዛበት ከነጩ የሚወጣው ሰልፈር ከአስኳሉ ብረት ጋር ተዋህዶ ነው፣ ምንም አይጎዳም። ደቂቃው እንደሞላ በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ክተቺው፣ እዛው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይቆይ፣ ሲቀዘቅዝ መላጡም ይቀላል።

ጥያቄ፦ ከየት ጋ ነው መላጥ የሚጀመረው?

መልስ፦ ከሰፊው ጫፍ፣ አየር ያለበት እዛ ስለሆነ ጣት ማስገቢያ ታገኛላችሁ። መታ መታ አድርጋችሁ ዙሪያውን ሰንጥቁትና ውሃ ውስጥ ሆኖ ላጡት፣ ውሃው ሽፋኗ ስር ይገባላችኋል። ዋናው ሽፋኗን አብሮ መያዝ ነው፣ ቅርፊቱን ብቻ ከለቀማችሁ ትደክማላችሁ።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያዋ ጠያቂ ነኝ፣ አሁን በፈላ ውሃ 4 ቀቀልኩ፣ 3ቱ ልጥጥ አሉ አንዱ ግን አሁንም ተቦጫጨቀ 😢

መልስ፦ ጎሽ! የተለያየ ቀን የገዛሽውን ቀላቅለሽ ከሆነ ያ አንዱ ከሌሎቹ አዲስ ይሆናል። እሱን ከትፈሽ ሰላጣ ላይ ጨምሪው።