መልስ፦ ያልተፈተለ ሐር እንደ ሱፍ ለምን አልያያዝ አለኝ?

እህቴ፣ ያልተፈተለውን ሐር በሳሙና ውሃ ብታሺውም አልያያዝ አለኝ ብለሻል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የበግ ጸጉር ላዩ ላይ ጥቃቅን ቅርፊት ስላለው ሲታሽ እርስ በርሱ ይቆላለፋል፤ ሐር ግን ልሙጥ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ብታሺው ለውጥ የለውም። ሙጫ ይፈልጋል።

አጎበር ላይ ሐሩን ስስ አድርገሽ ቁልቁል ዘርጊ፣ ሁለተኛውን ድርብ አግድም፣ ሦስተኛውን እንደገና ቁልቁል፣ ከዚያ በሌላ አጎበር ሸፍነሽ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ባለበት ውሃ በብሩሽ አርሺው። እዚህ ላይ እባክሽ አትቸኩይ! ደረቅ የቀረ ቦታ ካለ ሙጫው አይገባም። ትርፉን ውሃ በፎጣ አንሺና በውሃ የተበጠበጠ ሜቲል ሴሉሎስ፣ ማለትም የግድግዳ ወረቀት ሙጫ፣ በሁለቱም በኩል ቀቢው። ሲደርቅ አጎበሩን ቀስ ብለሽ አላቅቂው። የተያያዘው ሐር ለመብራት ሽፋን በጣም ያምራል። ለሚታጠብ ነገር ግን አይሆንም፣ ሙጫው ውሃ ውስጥ ይሟሟል።