ዩዘሮችን በየፎልደራቸው መገደብ፦ ለጥያቄህ መልስ

ሰላም ወንድሜ። የሂሳብ ቢሯችሁ ኡቡንቱ ሰርቨር ላይ ደንበኞች በኤስኤፍቲፒ (ፋይልን ሸፍኖ በሚያስተላልፍ መንገድ) ሰነድ ይልካሉ፤ ግን አንዱ የሌላውን ፎልደር እያየ ተቸግረናል ብለሃል። በየራሳቸው ስትገድባቸው ደግሞ ጭራሽ መግባት አቃታቸው።

እኔም እዚሁ ጅማ፣ ቡና የሚገዛ ቢሮ ውስጥ ይህንኑ ነው የምሠራው። ከአጋሮና ከሊሙ አቅራቢዎች የሚዛን ደረሰኝና ዋጋ ይልኩልናል። የአንዱ ዋጋ ሌላው እጅ ከገባ ነገሩ ተበላሸ ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩን በቁም ነገር መያዝህ ልክ ነህ።

እንደገለጽከው ከሆነ ችግሩ ያለው የፎልደሩ ባለቤትነት ላይ ነው። ኤስኤፍቲፒን የሚያስተናግደው ኤስኤስኤች፣ ዩዘሩ የሚታጠርበት ፎልደር የሩት (የሰርቨሩ ዋና አስተዳዳሪ አካውንት) እንዲሆን ያስገድዳል። ከእሱ በላይ ያሉት ፎልደሮችም እንደዚያው። ከሩት በቀር ማንም ሊጽፍባቸው አይገባም፤ 755 የሚባለው ፈቃድ (ባለቤቱ ይጽፋል፣ ሌላው ገብቶ ያያል ብቻ) ይበቃል። ይህ ካልተሟላ ፓስወርዱ ትክክል ቢሆንም ግንኙነቱን ይቆርጠዋል። ዩዘሩ ምክንያቱን አያየውም። አንተ ግን ሰርቨሩ ላይ ኦዝ ሎግን (የመግቢያ ሙከራዎች መዝገብ) ስትከፍት «ባድ ኦውነርሺፕ ኦር ሞድስ» የሚል መስመር ታገኛለህ። ብዙ ሰው ሲጨንቀው 777 (ማንም እንዲጽፍ) ይሰጣል። እዚህ ጋ እሱ ራሱ ነው በሩን የሚዘጋው።

ታዲያ ደንበኛው የት ይጻፍ? ውስጡ ሌላ ፎልደር ክፈትለት። ልክ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ግቢው የአከራዩ፣ ክፍሉ የተከራዩ። የውጩ ፎልደር በዩዘሩ ስም ይጠራ፣ ባለቤቱ ግን ሩት ይሁን። በውስጡ «ሰነድ» የሚል ፎልደር ፍጠርና ለዩዘሩ ስጠው።

ቀሪው ቀላል ነው። ደንበኞቹን አንድ ግሩፕ ውስጥ አስገባ። የኤስኤስኤችዲ ኮንፊግ (የኤስኤስኤች ሰርቨር ማስተካከያ ፋይል) መጨረሻ ላይ «ማች ግሩፕ» ከግሩፑ ስም ጋር ብለህ ክሩት ዳይሬክተሪውን (የሚታጠሩበትን ፎልደር) ጻፍ፤ በዩዘሩ ስም ቦታ ፐርሰንት ዩ (%u) አስገባ። ፎርስ ኮማንዱን «ኢንተርናል ኤስኤፍቲፒ» አድርገው፣ ተርሚናል እንዳይከፍቱ። ቲሲፒ ፎርዋርዲንግንም (በሰርቨሩ በኩል ወደ ሌላ ቦታ መሻገርን) ዝጋ። መጨረሻ ላይ ያልኩህ ከማች በታች የሚጻፈው ሁሉ ለዚያ ግሩፕ ብቻ ስለሚሆን ነው።

ሁሉም የሚያዩት የጋራ ፎልደር ከፈለግክ በሲምሊንክ (ወደ ሌላ ፎልደር በሚጠቁም አቋራጭ) አትልፋ። ከታጠሩ በኋላ ወደ ውጭ የሚያመለክት ሊንክ አይሠራላቸውም። ባይንድ ማውንት (አንዱን ፎልደር ሌላ ቦታም እንዲታይ የሚያደርግ) ተጠቀም።

ወደ ኤፍቲፒ ቀይረው የሚልህን ግን አትስማ፤ ተራው ኤፍቲፒ ፓስወርድን ሳይሸፍን ነው የሚያሳልፈው።

ሪስታርት ከማድረግህ በፊት ኮንፊጉን በኤስኤስኤችዲ ሰረዝ ቲ (sshd -t) ትእዛዝ ፈትሸው። የገባህበትን መስኮት ሳትዘጋ በሌላ መስኮት በአንዱ ደንበኛ አካውንት ሞክር። እምቢ ካለህ የሎጉን መስመር እዚሁ ለጥፈው፣ አብረን እናየዋለን።