ጥያቄና መልስ፦ ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

እንዴት ሰነበታችሁ? ደሴ ላይ ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ነገሮች ሲዋሃዱ ሙቀት ለምን እንደሚወጣና እንደሚገባ ጠይቁኝ ብያችሁ ነበር። ከመጡት ጥያቄዎች ለአምስቱ እነሆ።

ቲቸር፣ ከሰል ሲነድ ሙቀት የሚወጣው አተሞቹን አያይዞ የያዘው ትስስር ሲሰበር ነው አይደል? (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ደሴ)

አይደለም የኔ ልጅ። ስንቱ ጎበዝ ተማሪ እዚህ ላይ ይሳሳታል! ትስስር ለመስበር ጉልበት ይከፈላል። ሙቀት የሚወጣው አዲስ ትስስር ሲፈጠር ነው። ሃይድሮጅን ተቃጥሎ ውሃ ሲሆን በቁጥር እየው። አንድ ሞል (ኬሚስቶች ቅንጣቶችን የምንቆጥርበት መጠን ነው) ሃይድሮጅን ለመለያየት 436 ኪሎ ጁል (የጉልበት መለኪያ ነው) ትከፍላለህ። ለግማሽ ሞል ኦክስጅን ደግሞ 249። ወጪህ 685 ሆነ። ከዚያ ኦክስጅኑ ሁለቱን ሃይድሮጅኖች ሲይዝ እያንዳንዱ ትስስር 463 ገደማ ይሰጥሃል፤ ገቢህ 926። ትርፉ 241 ኪሎ ጁል ነው። የሚሞቅህ ትርፉ ነው። የከሰሉም ሂሳብ እንደዚሁ ነው።

ታዲያ ከሰሉ ጆንያ ውስጥ እንዳለ ለምን አይነድም?

የመጀመሪያውን ወጪ የሚከፍልለት ስለሌለ። ክብሪቱና ጭራሮው የሚከፍሉት እሱን ነው። አክቲቬሽን ኢነርጂ የምንለው ይኸው ነው። አንዴ ከተያያዘ የነደደው ላልነደደው ይከፍላል።

መምህር፣ ዩሪያ በባልዲ ውሃ ስበጠብጥ ባልዲው በረዶ ሆነብኝ። ማዳበሪያው ተበላሽቶ ይሆን? (አርሶ አደር፣ ኮምቦልቻ አካባቢ)

አይስጉ አባቴ፣ ደህና ነው። የዩሪያው ፍሬ ሲሟሟ መለያየቱ የሚፈልገው ጉልበት ውሃው ከሚመልስለት ይበልጣል። ጎደሎውን ከራሱ ከውሃው ሙቀት ይወስዳል። 60 ግራም ዩሪያ 15 ኪሎ ጁል ገደማ ይስባል። በአንድ ሊትር ውሃ ቢያሟሙት ከ3 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። እጅዎን ከባልዲው ውጭ ቢያስደግፉ ይሰማዎታል። መሟሟት እንደ መቃጠል አዲስ ነገር አይፈጥርም፤ ሂሳቡ ግን ያው ነው።

ኖራ ላይ ውሃ ሳፈስ ለምን ፈላ?

የኖራ ድንጋዩ ኖራ እንዲሆን 900 ዲግሪ ገደማ ላይ ተጠብሷል፤ ያኔ ብዙ ሙቀት ውጧል። ውሃ ሲያገኝ ከፊሉን ይመልሳል። ሁልጊዜ ኖራውን ቀስ እያልክ ውሃው ላይ ጨምር እንጂ ውሃውን ኖራው ላይ አታፍስ። ዓይንህን ሸፍን።

የደሴ ብርድ አይቻልም። ፍም የሆነ ከሰል ቤት ውስጥ ብናሳድር ምን አለበት?

እህቴ፣ በጭራሽ እንዳታደርጊው! 12 ግራም ካርበን በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ 394 ኪሎ ጁል ይሰጣል። አየር ሲያጥረው ግን ካርበን ሞኖክሳይድ ይሆንና 110 ብቻ ይሰጣል። ሙቀቱ ከሲሶ በታች ወርዶ መርዙ ቤቱን ይሞላል። ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። ጭሱ ጠፍቶ ፍሙ ሲቀላም ይወጣል። ከመተኛታችሁ በፊት ከነማንደጃው ደጅ አውጡት።