ጠይቁ፣ እንመልሳለን፦ የውኃ ውስጥ ካሜራ በአነስተኛ ገንዘብ

ጥያቄ፦ የምኖረው እስራኤል ነው። ኢላት ውስጥ ስኩባ ተምሬ እስከ 18 ሜትር የሚያስጠልቀውን የመጀመሪያ ፈቃድ ይዣለሁ። አሁን የዓሣና የኮራል ፎቶ ማንሳት አማረኝ፤ ያለኝ ግን 2,500 ሸቀል ነው። ጓደኞቼ «ስልክህ ራሱ ውኃ አያስገባም፣ እሱን ይዘህ ግባ» ይሉኛል። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ስልኩን ይተዉት። የስልክ ውኃ መከላከያ የሚፈተነው በንጹሕና በማይንቀሳቀስ ውኃ፣ ያውም በጥቂት ሜትር ጥልቀት ነው። 18 ሜትር ላይ ግፊቱ ከውኃው ገጽ በላይ ካለው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ጨዉ ደግሞ የቻርጀሩን ቀዳዳ ይበላዋል።

ለፎቶ ከሆነ የእኛ ምርጫ ያገለገለ ኦሊምፐስ ቲጂ 6 የሚባለው ትንሽ ካሜራ ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በ2023 የተተካበት ቲጂ 7 በምስል ጥራት ብዙም አይበልጠውም፤ ሲወጣ 550 ዶላር ገደማ ስለነበር አዲሱን ከነሃውሲንጉ ልግዛ ቢሉ ገንዘብዎ አይበቃም። ሃውሲንግ ማለት ካሜራው ተቆልፎ የሚገባበት ጠንካራ የፕላስቲክ ሣጥን ነው። ካሜራው ብቻውን የሚችለው 15 ሜትር ስለሆነ ለእርስዎ ጥልቀት ያለ ሃውሲንግ አይሆንም። ፒቲ 059 የሚባለው ሃውሲንግ 45 ሜትር ይችላል፤ ሁለቱንም ካሜራዎች ስለሚቀበል ወደፊት ካሜራውን ቢቀይሩ እንኳ ሣጥኑን አይጥሉትም።

ቲጂን የመረጥነው ከሌንሱ 1 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለን ነገር አጥርቶ ስለሚያነሳ ነው። ቀይ ባሕር ላይ ውበቱ ያለው ትንንሹ ነገር ላይ ነው። አክሽን ካሜራ፣ ማለትም እንደ ጎፕሮ ያለው ትንሽ የቪዲዮ ካሜራ፣ ለቪዲዮ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ሌንሱ እጅግ ሰፊ ስለሆነ ጣት የምታህል ዓሣ ነጥብ ሆና ትቀራለች፣ በጣም ሲጠጉ ደግሞ ትደበዝዛለች። ቪዲዮ ከመረጡ ግን ጎፕሮ ያለ ሃውሲንግ 10 ሜትር ብቻ፣ ከነሃውሲንጉ 60 ሜትር እንደሚችል አይርሱ።

ገንዘቡን ሁሉ ካሜራው ላይ አይጨርሱት፤ ለመብራት ያስተርፉ። ውኃ አስቀድሞ የሚውጠው ቀይ ብርሃንን ነው። 18 ሜትር ላይ ቀይ የነበረው ዓሣ ግራጫ ይመስላል፤ ይህን ቀለም የሜጋፒክስል ብዛት አይመልሰውም። ወደ 2,000 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) የሚጠጋ አንድ የቪዲዮ መብራት ከእጀታው ጋር ይግዙ። መብራቱን ከሌንሱ 20 ወይም 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ጎን አርቀው ይያዙት። ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን በውኃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ደቃቅ ነገር ሁሉ ፊት ለፊት ስለሚመታው ፎቶው በረዶ የወረደበት ይመስላል። መብራቱ የሚያገለግለው እስከ 1 ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ ስለዚህ ዙም ከማድረግ ይልቅ መጠጋት ይሻላል። መጠጋት የሚቻለው ግን በውኃ ውስጥ ሳይወጡ ሳይወርዱ ባሉበት መቆም ሲለምዱ ነው። ይህን ሳይለምዱ ካሜራ ቢይዙ ኮራሉን በእግር ጫማዎ ይሰብሩታል፤ የተሰበረው ቦታው ለመመለስ ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። ለመብራት ካልበቃዎ ሌንሱ ፊት የሚገጠም ቀይ ፊልተር ከ5 እስከ 20 ሜትር ባለው ጥርት ያለ ውኃ ይረዳል። ሁለቱን አንድ ላይ አይጠቀሙ፤ ምስሉ ከልክ በላይ ቀይ ይሆናል።

ያገለገለ ሃውሲንግ ሲገዙ በሩ ዙሪያ ያለውን ጎማ፣ ኦሪንጉን፣ በጣትዎ ሳብ አድርገው ያውጡትና የሚቀመጥበትን ቦይ በመብራት ይዩ። ጭረት ካለበት አይግዙ። ኦሪንጉ አዲስ ይሁን። የስንዴ ፍሬ የምታህል ግሪስ፣ የአምራቹን ብቻ፣ በጣትዎ መካከል እያሳለፉ ይቀቡት። ግሪሱ ጎማው በቦታው እንዲንሸራተት ነው እንጂ ውኃ የሚከለክለው እሱ አይደለም፤ ሲበዛ ፀጉርና አሸዋ ይሰበስባል። ከጤፍ ፍሬ ያነሰች አሸዋ ሃውሲንጉን ለማጥለቅለቅ ትበቃለች።

ከዚያ ካሜራውን ሳያስገቡ ደረቅ ሶፍት ውስጡ አድርገው ይቆልፉትና በባልዲ ይድፈቁት። ከአንድ ቦታ ተከታትሎ የሚወጣ አረፋ ካለ እዚያ ጋ ቀዳዳ አለ። ካለፈ ባዶውን ይዘው ይጥለቁ፤ ሶፍቱ ደርቆ ከተመለሰ ካሜራውን ያስገቡ። ብዙ ሃውሲንግ የሚያፈሰው የመጀመሪያዎቹ 2 ሜትሮች ላይ ነው፤ ጠለቅ ሲሉ ግፊቱ ራሱ በሩን ጎማው ላይ ይጫነዋል። ስለዚህ ገና እንደገቡ ቆም ብለው ሃውሲንጉን ይዩት።

ጥያቄ፦ ፉጃይራ ስጠልቅ የሃውሲንጌ መስታወት በ10 ደቂቃ ውስጥ በውስጥ በኩል ጤዛ ይይዛል። ውኃ እየገባ ይሆን?

መልስ፦ ብዙውን ጊዜ አይደለም። ጀልባው ላይ ሲቆልፉት እርጥቡን የባሕር አየር አብረው ቆልፈውበታል። ካሜራው ሲሠራ ይሞቃል፣ መስታወቱን ባሕሩ ያቀዘቅዘዋል፤ እርጥበቱ እዚያው ላይ ይጤዛል። ጠዋት ኤሲ ባለበት ክፍል ይቆልፉት፣ ከጫማ ካርቶን የምናገኘውን ዓይነት ትንሽ የሲሊካ ከረጢት፣ አዲስና ደረቅ የሆነውን፣ ኦሪንጉን ሳይነካ ውስጡ ያስገቡ፣ ጀልባው ላይም ፀሐይ ላይ አይተዉት።

ከታች የሚንከባለል ጠብታ ካዩ ግን ውኃ ገብቷል። ውኃው የተጠራቀመበትን ጎን ወደ ታች አድርገው ይያዙና ለባልደረባዎ ምልክት ይስጡ። ካሜራውን ለማዳን ብለው አይሩጡ፤ በደቂቃ ከ9 ሜትር ሳይበልጡ ይውጡ፣ 5 ሜትር ላይም ለ3 ደቂቃ ይቆዩ። ጀልባው ላይ ሃውሲንጉን በውጭ ካደረቁ በኋላ በሩን ወደ ታች ዘቅዝቀው ይክፈቱ። ካሜራው ከራሰ አያብሩት። ባትሪውን ወዲያው ያውጡ፤ የጨው ውኃ የነካው የሊቲየም ባትሪ ሊግል ስለሚችል ከሰው ያርቁት፣ ቻርጅም አያድርጉት።