ባንኩ በአንድ ቀን 140 ዶላር ቆረጠብኝ፤ ዝም ልበል ወይስ ልከራከር?

ጤና ይስጥልኝ፣ የዚህ አምድ አዘጋጅ።

የምኖረው አሜሪካ ነው። የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ፤ ብቻዬን ነው የማሳድጋት። ሥራዬ ሆም ኬር ነው፤ አቅመ ደካማ አረጋውያንን ቤታቸው እየሄድኩ እንከባከባለሁ። የሚከፈለኝ በሰዓት ስለሆነ ሰዓት ሲቀንሱብኝ ደመወዜም ይቀንሳል። ክፍያው በየሁለት ሳምንቱ አርብ በቼክ ነው። ገንዘብ አባካኝ አይደለሁም፤ እያንዳንዷን ዶላር ቆጥሬ ነው የምኖረው።

ባለፈው ሐሙስ የባንኬን አፕ ስከፍት 196 ዶላር አለሽ ይላል። በዚያው ቀን በካርዴ የ54 ዶላር አስቤዛ፣ የ30 ዶላር ነዳጅና ለልጄ የ11 ዶላር የሳል መድኃኒት ገዛሁ። አፑ 101 ዶላር ይቀርሻል አለኝ። ለዴይኬር የ160 ዶላር ቼክ ጽፌ ሰጥቼ ነበር፤ አርብ ደመወዝ ስለሚገባ ይሸፈናል ብዬ ነው። አሠሪዎቼ ግን ክፍያውን ወደ ማክሰኞ ገፉት። ሰኞ ዕለት የዴይኬሩ ቼክና በኦቶፔይ የሚቆረጠው የ70 ዶላር የስልክ ሂሳብ አብረው መጡ።

ሰኞ ማታ ሳይ 269 ዶላር ኔጋቲቭ ገብቻለሁ። አራት ጊዜ 35 ዶላር የኦቨርድራፍት ፊ ቆርጠውብኛል፤ ሂሳብሽ ሳይበቃ ባንኩ ሲከፍልልሽ የሚያስከፍሉት ማለት ነው። አንዱ በስልክ ሂሳቡ ላይ ነው፤ ሦስቱ ሐሙስ በካርድ በገዛኋቸው ዕቃዎች ላይ። መጀመሪያ ትልቁን ቼክ፣ ቀጥሎ ስልኩን፣ መጨረሻ ላይ ትንንሾቹን ነው ያወራረዱት። ለ11 ዶላር መድኃኒት 35 ዶላር ከፈልኩ ማለት ነው። ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ባንኩ ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳችው ልጅ «አካውንቱን ስትከፍቺ የተስማማሽበት ነው» አለችኝ። መቼ እንደተስማማሁ አላስታውስም፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ወረቀት ነው ያስፈረሙኝ። ስናደድ ደግሞ እንግሊዝኛው ይጠፋብኛል። እሺ ብዬ ዘጋሁት።

አሁን የደመወዝ ቼኬ እጄ ላይ ነው። 640 ዶላር ነው። ካስገባሁት ባንኩ 269ኙን ወዲያው ይወስደዋል። የቤት ኪራዬን ግማሽ አስቀምጫለሁ፤ ቀሪውን ከዚህ ቼክ ነበር የምሞላው፤ ቀኑም ደርሷል። አንዲት ጓደኛዬ «አካውንቱን እንዳለ ተይውና ሌላ ባንክ ክፈቺ» ትለኛለች። ቴሌግራም ላይ ደግሞ መንግሥት ፊውን 5 ዶላር አድርጎታል፣ ከዚያ በላይ መውሰድ ሕገወጥ ነው የሚል አይቻለሁ። እውነት ነው? ገንዘቤን ማስመለስ እችላለሁ?

ግራ የገባት እናት

*

እህቴ፣ ዝም አትበይ። ከ140 ዶላሩ በ105ቱ ላይ ጠንካራ ክርክር አለሽ። የቀረውንም 35 መጠየቅ ትችያለሽ።

በመጀመሪያ የቴሌግራሙን ወሬ እንዝጋው፤ ባንኩ ጋ ይዘሽው ብትሄጂ ያሳፍርሻልና። ወሬው ከምንም የተነሣ አይደለም። የሸማቾችን ገንዘብ ነክ ጉዳይ የሚከታተለው ሲኤፍፒቢ የተባለው የፌዴራል መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ትልልቅ ባንኮችን የሚመለከት ደንብ አውጥቶ ነበር። ለባንኮቹ ከሰጣቸው ምርጫዎች አንዱ ፊውን 5 ዶላር ማድረግ ነበር። በጥቅምት 2025 ሥራ ላይ ሊውል ሲጠበቅ ኮንግረሱ ሻረው፤ በግንቦት 2025 ፕሬዚዳንቱ ፈረሙበትና ቀረ። ስለዚህ ዛሬ 5 ዶላር የሚል ጣሪያ የለም።

አሁንም የሚሠራው ሌላ ደንብ ነው፤ ላንቺ የሚጠቅምሽም እሱ ነው። ሬጉሌሽን ኢ በሚባለው የፌዴራል ደንብ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2010 ጀምሮ የሚሠራ ክፍል አለ። በዴቢት ካርድ ለሚደረግ የአንድ ጊዜ ግዢና ከኤቲኤም ለሚወጣ ገንዘብ ባንኩ የኦቨርድራፍት ፊ መቁረጥ የሚችለው አስቀድመሽ ለይተሽ ከተስማማሽ ብቻ ነው። ኦፕት ኢን የሚሉት ይህንን ነው። አካውንት ስትከፍቺ የፈረምሽው ጠቅላላ ውል አይበቃም። ስለ አገልግሎቱ ከሌላው ወረቀት ተነጥሎ የቀረበ ማስታወቂያ መኖር አለበት። አንቺም እሺ ማለት አለብሽ። ከዚያ በኋላ ባንኩ መስማማትሽን የሚያረጋግጥና በፈለግሽ ጊዜ መሰረዝ እንደምትችዪ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊልክልሽ ይገባል።

እንግዲህ ልጅቷ በስልክ የሰጠችሽ መልስ ጥያቄውን አይዘጋውም። ጥያቄሽ «ለካርድ ግዢ ኦቨርድራፍት መቼ ተስማማሁ? በወረቀት ነው፣ በስልክ ነው ወይስ በኢንተርኔት? የላካችሁልኝ ማረጋገጫ የታለ?» የሚል ይሁን። ማስረጃውን ማሳየት ካልቻሉ አስቤዛው፣ ነዳጁና መድኃኒቱ ላይ የቆረጡት 105 ዶላር መመለስ አለበት። ማስረጃው ካላቸው ደግሞ ክርክሩ ይከብዳል፤ ግን አያበቃም።

ምክንያቱም ሁለተኛ ነጥብ አለሽ። ሐሙስ ካርዱን ስታስነኪ ገንዘቡ ነበረሽ። ባንኩ ራሱ አይቶ ነው የፈቀደው። ግዢው ሰኞ ሲወራረድ ግን ሌሎች ክፍያዎች ቀድመውት ስለገቡ ኔጋቲቭ ሆነ፤ ፊውም ተቆረጠ። እንዲህ ያለውን አሠራር በተመለከተ ብሔራዊ ባንኮችን የሚቆጣጠረው ኦሲሲ በሚያዝያ 2023 ባንኮችን አስጠንቅቋል፤ ፍትሐዊ ያልሆነ ወይም አሳሳች ተግባር ተብሎ ሊቆጠር ይችላል ብሎ። ማስጠንቀቂያው በራሱ ገንዘብ አያስመልስልሽም፤ አቤቱታሽ ላይ ግን ክብደት ይጨምራል። የሐሙሱን ባላንስ የሚያሳይ ስክሪንሾት ካለሽ ወርቅ ነው። ከሌለሽም ግድ የለም፤ እያንዳንዱ ግዢ መቼ እንደተፈቀደ ባንኩ መዝግቦ ይዟል።

ሦስተኛው የቅደም ተከተሉ ጉዳይ ነው። እንዳወጣሽው በተራ ቢያወራርዱት ኖሮ ሦስቱ የካርድ ግዢዎች በሰላም ያልፉ ነበር፤ ገንዘብ የሚያንሰው ለቼኩና ለስልኩ ብቻ ነበር። ሁለት ፊ፣ 70 ዶላር። ትልቁን ስላስቀደሙ አራት ሆነ። ይህንን ጥቀሺው፤ ዋና መከራከሪያሽ ግን አታድርጊው። የማወራረጃው ቅደም ተከተል በአካውንት ውሉ ውስጥ ስለሚጻፍ እሱን ጠቅሰው ሊያመልጡሽ ይችላሉ።

በስልክ ሂሳቡ ላይ ያለው 35 ዶላር የተለየ ነው። ቼክና በኦቶፔይ የሚሄድ ክፍያ በኦፕት ኢኑ ደንብ አይሸፈኑም። እዚህ ላይ የምትጠይቂው ይቅርታ እንዲያደርጉልሽ ነው። ባንኮች ለደንበኛ ፊ ያነሣሉ፤ በየቀኑ የሚያደርጉት ነገር ነው። ደመወዝሽ የዘገየው በአሠሪዎችሽ ምክንያት መሆኑን ንገሪያቸው። ከዚህ በፊት ኔጋቲቭ ገብተሽ የማታውቂ ከሆነም አንሺው። ይህ ልመና አይደለም፤ አንገትሽን አትድፊ።

አሁን ወደ ቼክሽ። አንድ ነገር ለይተን እንያዝ። ከ269ኙ ውስጥ 129 ዶላሩ በእርግጥ ያወጣሽው ነው፤ ዕዳሽ ነው። የምትከራከሪበት 140ው ነው። ስለዚህ ቼኩን ከማስገባትሽ በፊት ደውዪ። በስልኩ ላይ ፊዎቹን ካነሡልሽ ቼኩን ማስገባት ትችያለሽ። የቼክ ገንዘብ ወዲያው ሙሉ በሙሉ ላይለቀቅ ስለሚችል ግን የኪራዩን ቀን አስቢ፤ ስንቱ መቼ እንደሚለቀቅ ጠይቂ።

ካላነሡልሽ ኪራዩን አስቀድሚ። ቼኩ ላይ ስሙ የተጻፈው፣ ማለትም የአሠሪዎችሽ ባንክ፣ መታወቂያሽን አይቶ ሊመነዝርልሽ ይችላል። ደንበኛ ስላልሆንሽ ትንሽ ሊያስከፍልሽ ይችላል፤ ቢሆንም ቼክ ከሚመነዝሩ ሱቆች እሱን አስቀድመሽ ጠይቂ፤ እነሱ ከቼኩ ላይ በፐርሰንት ነው የሚቆርጡት። ኪራይሽን በመኒ ኦርደር ክፈዪ። 129 ዶላሩን አካውንቱ ላይ አስገቢ። ይህን አታዘግዪው፤ አንዳንድ ባንክ አካውንት ለቀናት ኔጋቲቭ ከቆየ ሌላ ፊ ይጨምራል። በቀረው ላይ «ክርክሩ እስኪያልቅ ተጨማሪ ፊ አትቁረጡብኝ» ብለሽ ጠይቂ፤ ያነጋገርሽውን ሰው ስምና ቀኑን ጻፊ። እስከሚቀጥለው ደመወዝ ልድረስ ብለሽ ፔይደይ ሎን የሚሉት፣ በደመወዝ ቀን የሚመለስ ውድ ብድር ውስጥ እንዳትገቢ፤ አደራ።

ስትደውዪ አማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ መስመር ያገናኛሉ። መጀመሪያ የሚያነሣው ሠራተኛ ሥልጣኑ ትንሽ ነው፤ እምቢ ካለሽ ሱፐርቫይዘር ይምጣልኝ በዪ። ታሪኩን ከመጀመሪያ አትጀምሪ፤ የምትፈልጊውን አስቀድሚ። በስልክ የተባለውንም በጽሑፍ ድገሚው፣ በባንኩ የመልእክት ሳጥን ወይም በደብዳቤ። እንዲህ ብለሽ ጻፊው፤ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስልሽ ሰው ፈልጊ፤

«በአካውንቴ ላይ ሰኞ ዕለት አራት የኦቨርድራፍት ፊ ተቆርጧል፤ በድምሩ 140 ዶላር። ሦስቱ በዴቢት ካርድ ለተደረጉ የአንድ ጊዜ ግዢዎች ናቸው። ግዢዎቹ ሲፈቀዱ በቂ ገንዘብ ነበረኝ። ለእንዲህ ያለ ግዢ ኦቨርድራፍት እንዲሰጠኝ የተስማማሁበትን ማስረጃ፣ ቀኑንና የላካችሁልኝን ማረጋገጫ ቅጂ ላኩልኝ። ማስረጃ ከሌለ 105 ዶላሩን መልሱልኝ። በስልክ ሂሳቡ ላይ የተቆረጠው 35 ዶላርም ደመወዜ ዘግይቶ የተፈጠረ ስለሆነና ገቢዬ አነስተኛ ስለሆነ እንድታነሡልኝ እጠይቃለሁ። መልሳችሁን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ለካርድ ግዢና ለኤቲኤም ኦቨርድራፍት አልፈልግም፤ ሰርዙልኝ።»

የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር እንዳትተዪያት። መብትሽ ነው፤ ስለሰረዝሽ ማስከፈልም ሆነ የአካውንትሽን ውል ማክበድ አይችሉም። ከዚያ በኋላ ገንዘብ ሲያንስሽ ካርዱ እምቢ ይላል። ካሸር ፊት ደስ አይልም፤ አውቃለሁ። ግን ዕቃውን መልሶ መውጣት ነፃ ነው። ኦቶፔዩን ግን ይህ አያቆመውም፤ የስልክ ድርጅቱን የክፍያ ቀንሽን ከደመወዝ በኋላ እንዲያደርግልሽ ጠይቂ፣ ወይም ኦቶፔዩን ሰርዢውና ራስሽ ክፈዪ።

ባንኩ እምቢ ቢል ለሲኤፍፒቢ አቤት በዪ። ነፃ ነው፤ በኢንተርኔት ወይም በስልክ ይቻላል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ በ15 ቀን መልስ ይሰጣል፤ ሲከብድ እስከ 60 ቀን ሊወስድ ይችላል። በስልክ ለሠራተኛዋ የቀረበ ቅሬታና በተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በኩል የመጣ ቅሬታ ባንክ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጡም። የባንክሽ ስም «ኤን ኤ» በሚሉ ፊደላት የሚያልቅ ከሆነ ለኦሲሲም መጻፍ ትችያለሽ። ለባንኩ የምትጽፊውን ግን ስቴትመንቱ (የሂሳብ መግለጫው) ከተላከልሽ 60 ቀን ሳያልፍ ጨርሺው። በነገራችን ላይ ስቴትመንቱ የዚያን ወርና የዓመቱን የኦቨርድራፍት ፊ ድምር ለይቶ ማሳየት አለበት፤ ፈልጊው፤ ሳታውቂው የተቆረጠ ሌላም ካለ አብረሽ ጠይቂ።

የጓደኛሽን ምክር ግን አልደግፈውም። በጎ አስባ ነው፤ ነገር ግን ኔጋቲቭ አካውንት ጥሎ መውጣት ይጎዳሻል። ባንኩ አካውንቱን ዘግቶ ዕዳውን ለኮሌክሽን፣ ማለትም ለዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ሊሰጠው ይችላል፤ የባንክ ደንበኞችን ታሪክ ለሚይዘው ቼክስሲስተምስ ለሚባለው መዝገብም ያሳውቃል። እዚያ የገባ ስም እስከ አምስት ዓመት ሊቆይ ይችላል፤ ሌሎች ባንኮችም አካውንት ከመክፈታቸው በፊት ያዩታል። አንዲት በሰዓት የምትሠራ እናት ባንክ ካጣች ደመወዟን ለመመንዘር ሁልጊዜ ልትከፍል ነው።

ባንክ መቀየሩ ላይ ግን እስማማለሁ፤ በሥርዓት ይሁን። ባንክ ኦን የሚል ማረጋገጫ ያላቸው አካውንቶች አሉ፤ በብዙ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች ይገኛሉ። ኦቨርድራፍት ፊ የላቸውም፤ ለመክፈት ከ25 ዶላር በላይ አይጠይቁም። በቀድሞ ስህተት ምክንያት ሌላ ባንክ እምቢ ያለውንም ሰው ብዙዎቹ ይቀበላሉ። አዲሱን መጀመሪያ ክፈቺ። አሠሪዎችሽ በቀጥታ የሚያስገቡ ከሆነ ደመወዝሽን ወደዚያ አዙሪ፤ የስልኩን ክፍያም አዛውሪ። የጻፍሽው ቼክ ሁሉ መመንዘሩን አረጋግጪ። ከዚያ አሮጌውን ዜሮ አድርገሽ ዝጊና መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት ተቀበዪ።