ዓርብ ማታ ሥጋ ያበላዋል፤ ልጁን አልሰድም ልበል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ከባለቤቴ ጋር የተጋባነው በተክሊል ነበር። እሱ ሌላ ሴት ይዞ ወጣ። ሽማግሌም የንስሐ አባታችንም ለመኑት፤ እንቢ አለ። ከዓመት በፊት በፍርድ ቤት ተፋታን። የ9 ዓመት ልጃችን የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። በየሁለት ሳምንቱ አባቱ ዓርብ ከትምህርት ቤት ይወስደውና እሑድ ማታ ይመልሰዋል። ጾም ይሁን ፍስክ ግድ የለውም፤ ሥጋ ያበላዋል። ልጁን መስጠት ባቆም ኃጢአት ይሆንብኛል? እኔስ መቁረብ እችላለሁ? እኅትዎ ከአዲስ አበባ።

መልስ፦ እኅቴ፣ የኋለኛውን ላስቀድም። የሰማሁት ያንቺን ወገን ብቻ ነው፤ ነገሩ እንዳልሽው ከሆነ ግን ተበዳይ በበዳይ ኃጢአት ከሥጋ ወደሙ አይከለከልም። ጌታም «እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው አይለየው» ባለበት በማቴዎስ ምዕራፍ 19 ዝሙትን ለይቶ ጠቅሶታል። ይሁን እንጂ የፍርድ ቤት ወረቀት ተክሊሉን አይፈታም። እሱ የሚጨርሰው የንብረቱን፣ የቀለቡንና የልጁን ነገር ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ነገር በንስሐ አባትሽ በኩል ይታያል። ስትሄጂ ቂምሽንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው። «ሌላ ላግባ ወይ» ስላላልሽኝ እዚያ ውስጥ አልገባም።

ወደ ልጁ ልምጣ። አልሰድም አትበይ።

መገናኘቱ አንቺ ስትፈልጊ የምትሰጪው፣ ስትናደጂ የምትነሺው ስጦታ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 113 ፍቺ ሲወሰን ልጁ ከማን ጋር እንደሚኖር፣ ቀለቡ፣ ትምህርቱ፣ ወላጅና ልጅ የሚገናኙበት መንገድም አብሮ እንዲወሰን ያዛል። ይደበድበዋል ወይም ሰክሮ መኪና ውስጥ ይጭነዋል ብትዪኝ መልሴ ሌላ ነበር፤ ዛሬውኑ ወደ ፍርድ ቤት ሂጂ እልሽ ነበር። ይህ ግን ወጥ ነው።

ደግሞ እስኪ ረጋ ብለን እንቁጠረው። ከአጽዋማቱ ወራት ውጭ ቅዳሜና እሑድ ፍስክ ነው። የዓርብ ምሳ ዕቃውን የምታዘጋጂው አንቺ ነሽ። በበዓለ ሃምሳ ዓርብም አይጾምም። ስለዚህ አብዛኛውን ጊዜ የምትጣሉበት በሁለት ሳምንት አንድ እራት ነው! ዐቢይ ጾም ሲገባ ይከብዳል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም በጾም ምክንያት አባቱን ብትከለክዪው ልጁ ጾምን የሚያስታውሰው አባቴን የወሰደብኝ ነገር ብሎ ነው። እኔ የምፈራው ከሥጋው ይልቅ ይህን ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ሳስተምር አንድ ልጅ «አባዬ ዓርብ ሥጋ ስለሚበላ ሲኦል ይገባል?» ብሎ ጠይቆኝ ያውቃል። ጥያቄው የራሱ አልነበረም፤ ቤት ውስጥ ሲባል የሰማው ነው።

እና እሑድ ማታ ገና በር ላይ «ምን አበላህ?» ብለሽ አትመርምሪው። በ9 ዓመቱ አባቱ ያቀረበለትን በላ ብለሽም ቀን ሙሉ አታኩርፊው። ራሱ ከነገረሽ ስሚው፤ ከዚያ እራቱን አቅርቢለት። ምን ያህል መጾም እንዳለበት የንስሐ አባትሽ ይንገሩሽ።

ኦሪት ዘፍጥረት 21 ላይ አጋር ለአብርሃም ከወለደችለት ልጇ ከእስማኤል ጋር ከቤት ስትሸኝ የተሰጣት እንጀራና አንድ አቁማዳ ውኃ ነበር። ቀለብ ከተባለ ቀለብ ነው። ምድረ በዳ ላይ ውኃው አለቀባት። ለመማረር ከእሷ በላይ ምክንያት የነበረው ማን ነው? ምዕራፍ 25 ላይ ግን አብርሃም ሲሞት የቀበሩት ይስሐቅና እስማኤል አብረው ናቸው። በመሐል ስላለው ዘመን መጽሐፉ ብዙ አይነግረንም። እኔ ግን ይህን ባነበብኩ ቁጥር አጋር ትታየኛለች። ልጇን በአባቱ ላይ አስነሥታው ቢሆን ኖሮ ወደ መቃብሩ ይመጣ ነበር?

ከሰውየው ጋር ወዳጅ ሁኚ አላልኩሽም። ሰላምታ ይበቃል። «ቀለቡ ዘግይቷል በለው» ብለሽ በልጁ አትላኪ፤ እሱ መልእክተኛችሁ አይደለም። ራስሽ ደውዪ። ካስጠላሽ በስልክ ጻፊ፤ አጭር፣ ያለፈውን የማይጎረጉር ይሁን።

ፍልሰታንም አስቢበት። ነሐሴ 1 ይገባል፤ 15 ቀን ነው፤ ትምህርት ቤትም ዝግ ነው። ልጆች ደስ ብሏቸው የሚጾሙት ጾም ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ በየአጥቢያው ሲሯሯጡ ታያቸዋለሽ። እነዚያን ቀናት ካንቺ ጋር እንዲያሳልፍ አባቱን ጠይቂው። በምትኩ ከሐምሌ ሁለት ሳምንት ጨምሪለት። ለዛሬ ዓርብ ደግሞ እንዲህ ብለሽ ላኪለት፦ «ሰላም። ዛሬ ጾም ነው፤ እራቱ ሽሮ ቢሆን ደስ ይለኛል። የሒሳብ ደብተሩ ቦርሳው ውስጥ ነው፤ ሰኞ ፈተና አለበት።»